ቤቱ የእሷ፣ ዕዳው የእሱ፦ በፍቺ መሃል የቆመ የአንድ ቤት ብድር (የጉዳይ ጥናት)

«ሚስት በስድስት ወር ጊዜ ውስጥ በቤቱ ላይ ያለውን ብድር በራሷ ስም ሪፋይናንስ በማድረግ ከቤቱ የተጣራ ዋጋ ግማሹን ለባል ትከፍላለች።»

በፍቺ ስምምነታቸው ውስጥ ስለ ቤቱ የሚናገረው ይህ ብቻ ነው። ስለ ልጆቹ ሁለት ገጽ ተኩል ተጽፏል፤ ስለ መኪናው አንድ ሙሉ አንቀጽ አለ፤ ካላቸው ሀብት ሁሉ ትልቁ ለሆነው ቤት ግን አንድ ዓረፍተ ነገር። ሁለቱም ፈረሙበት፣ ጠበቆቻቸው ፈረሙበት፣ ፍርድ ቤቱም አጸደቀው። ባንኩ አልፈረመበትም። የዚህ ጉዳይ መዘዝ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሪፋይናንስ ማለት የድሮውን ብድር የሚዘጋ አዲስ ብድር መውሰድ ነው፤ አዲስ ብድር የሚሰጠው ደግሞ ባንክ ነው። ባልና ሚስቱ ግን ባንኩ ያልገባውን ቃል በባንኩ ስም ተገባብተው ተለያዩ።

እኔ የሂሳብ ባለሙያ ነኝ። ሁለቱንም ከመጋባታቸው በፊት ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። የስድስት ወሩ ቀነ ገደብ ሊሞላ አንድ ወር ሲቀረው የባንኩ እምቢታ መጣ፤ በዚያው ሳምንት ሁለቱም ለየብቻቸው ደወሉልኝ። እሷ «ወንድም ዓለም፣ ቤቴን ሊያሸጥብኝ ነው» አለች። እሱ «ቤቱ የእሷ፣ ዕዳው የእኔ ሆኖ ቀረ» አለ። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር።

ከመቀጠሌ በፊት፦ ማንነታቸውን የሚጠቁመውን ሁሉ ትቻለሁ። የገንዘቡን መጠን ሁሉንም በእኩል ምጣኔ ለውጬዋለሁ፤ የየት አገር ገንዘብ እንደሆነም አልጠራሁም። የወለዱ መጠን፣ ዘመኑና የስሌቱ አካሄድ ግን እንዳለ ነው።

ብድሩ ሲወሰድና ትዳሩ ሲፈርስ

ቤቱን የገዙት በ2020 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ነው። ዋጋው 500,000 ነበር፤ 100,000 ከቁጠባቸው ከፍለው 400,000 ተበደሩ። ብድሩ በ30 ዓመት የሚከፈል፣ ወለዱ 3 በመቶ ሆኖ እስከ መጨረሻው የማይለወጥ ነው። የወር ክፍያው 1,686። የሁለቱም ስም በባለቤትነት ሰነዱ ላይም በብድር ውሉ ላይም አለ።

ያ ዘመን ለተበዳሪ የተመቸ ነበር። በወረርሽኙ ወቅት ብዙ ማዕከላዊ ባንኮች ኢኮኖሚው እንዳይወድቅ ወለድን እስከ ታች ዝቅ አድርገውት ነበር። በ2022 የዋጋ ንረቱ ሲያይል ያንኑ ወለድ በፍጥነት ሽቅብ ሰቀሉት። እነዚህ ባልና ሚስት በ2020 ተበድረው በ2022 ተለያዩ፤ ፍቺያቸው የጸደቀው በ2023 ነው። እሷ በስሟ ብድር ልትጠይቅ ባንክ ስትሄድ የተነገራት ወለድ 7 በመቶ ሆነ።

ደብዳቤው

የእምቢታውን ደብዳቤ ይዛልኝ መጣች። አራት ቦታ ታጥፎ ቦርሳዋ ውስጥ የሰነበተ ወረቀት ነው። ጀርባው ላይ በእርሳስ ደጋግማ ያሰላችው ቁጥር አለ፤ ሦስት ጊዜ ሠርታዋለች፣ ሦስቱም ጊዜ አንድ ውጤት ነው የወጣላት። የተሳሳተች መስሏት እንዳረምላት ነበር የፈለገችው። አልተሳሳተችም።

የባንኩ ገማች ቤቱን 615,000 ገምቶታል። የቀረው ዕዳ 374,000 ገደማ ነው። ልዩነቱ፣ ማለትም የቤቱ የተጣራ ዋጋ፣ 241,000 ነው፤ የባል ግማሽ 120,500። ስለዚህ አዲሱ ብድር የድሮውን ዕዳ ዘግቶ የባልንም ድርሻ እንዲከፍል 494,500 መሆን አለበት። ይህ በ7 በመቶ ለ30 ዓመት ሲሰላ በወር 3,290 ይመጣል። ያው ቤት፣ ያው ጣሪያ፣ ክፍያው ግን ወደ እጥፍ ሊጠጋ ምንም አልቀረው።

የእሷ የወር ገቢ 6,800 ነው። ባንኩ የሚመለከተው የአዲሱን ብድር ክፍያ ብቻ አይደለም፤ የቤት ግብሩና ኢንሹራንሱ በወር 500፣ የመኪናዋ ዕዳ 350 ይጨመርበታል። ድምሩ 4,140፤ ከገቢዋ 61 በመቶ። ባንኩ የሚፈቅደው ጣሪያ 43 በመቶ ነበር። ይህ ትንሽ ጎድሎ በልመና የሚሞላ ክፍተት አይደለም።

ፊርማው ላይ ሳሉ አንድ ሰው ይህን ስሌት ሠርቶላቸው ቢሆን ኖሮ ዓረፍተ ነገሩ እንደማይፈጸም ገና ያን ዕለት ይታወቅ ነበር። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ከጠበቆቹ አንዳቸውም አልሠሩትም፣ እኔም አልተጠየቅሁም፣ ሳልጠየቅም አልተናገርኩም።

እሱ የፈረመው ወረቀት

የእሱ ቁስል ሌላ ነው። ፍቺው በጸደቀ ዕለት ከቀረቡለት ወረቀቶች አንዱ የባለቤትነት ድርሻውን ለእሷ የሚያስተላልፍ ነበር። ቤቱ ለእሷ እንደሚሆን ተስማምተዋል፣ እሷም ለሪፋይናንሱ ሰነዱ በስሟ እንዲሆን ያስፈልጋታል ተባለ፤ ፈረመ። ከዚያ በኋላ ከቤቱም ከዕዳውም የወጣ መስሎት ነበር።

የወጣው ከቤቱ ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብዬ ልናገረው። የባለቤትነት ሰነዱ «ቤቱ የማን ነው?» ለሚለው መልስ ነው። የብድር ውሉ «ዕዳውን ማን ይከፍላል?» ለሚለው። በሁለት የተለያዩ ወረቀቶች፣ ከሁለት የተለያዩ አካላት ጋር የተገቡ ናቸው። ከአንዱ መውጣት ከሌላው አያወጣም። ፍርድ ቤቱ «ዕዳውን ሚስት ትክፈል» ብሎ ቢወስን ውሳኔው የሚያስረው ባልና ሚስቱን ነው፤ እሷ ካልከፈለች እሱ ሊከሳት ይችላል። ባንኩ ግን የጉዳዩ ተከራካሪ አልነበረምና በእጁ ያለው ውል ሁለት ፊርማ ይዞ እንደ ቀድሞው ይቀጥላል። ክፍያ ቢቀር ከፈለገ እሷን፣ ከፈለገ እሱን ይጠይቃል።

ክፍያ ደግሞ ቀረ። ስምምነቱ በተፈረመ በሁለተኛው ወር እሷ የደመወዝ ሒሳቧን ወደ ሌላ ባንክ ቀየረች፤ ከድሮው ሒሳብ በራሱ ጊዜ ይቆረጥ የነበረው የቤት ክፍያ ባዶ ሒሳብ ገጠመው። ማስጠንቀቂያው የሄደው ወደ ቆየ የኢሜይል አድራሻ ነው። ስታውቀው 34 ቀን አልፎት ነበር። ያን ዕለት ከነቅጣቱ ከፈለች። ግን ከ30 ቀን ያለፈ መዘግየት በብድር ታሪክ ላይ ይመዘገባል፤ የተመዘገበውም በሁለቱም ላይ ነው።

እሱ ይህን ያወቀው ለራሱ አነስ ያለ አፓርታማ ለመግዛት ብድር ሲጠይቅ ነው። ሁለት ምክንያት ተነገረው፦ መዘግየቱ፣ እና በስሙ ያለው የ1,686 የወር ዕዳ። ሙሉው ክፍያ እንደ እሱ ዕዳ ተቆጥሮበታል፤ ግማሹ እንኳ አይደለም። «ብድሩን እሷ ነው የምትከፍለው» ብሎ የፍርድ ቤቱን ወረቀት አሳየ። የብድር ሠራተኛዋ በትህትና አነበበችውና «ጌታዬ፣ ይህ እኛን አይመለከትም» አለችው። ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ተሰብሮ ነበር። የቤቱ ባለቤት አይደለም፣ የቤቱን ዕዳ ግን ተሸክሟል፣ የሚገባው 120,500 ደግሞ ምንም መያዣ የሌለው ባዶ ቃል ሆኖ ቀርቷል።

ቁጣው ከዚህ የመጣ ስለሆነ «ወይ ይሸጥ፣ ወይ ፍርድ ቤት እንገናኝ» ማለቱ አልገረመኝም።

የተጨቃጨቁባቸው ቁጥሮች

አንድ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጣቸው ሁለቱም የየራሳቸውን ገማች ወረቀት ይዘው ነበር የመጡት። የእሱ 650,000 ይላል፤ የእሷ 590,000። ገማቾቹ የዋሹ አይመስለኝም። አንዱ በቅርብ የተሸጡ ታድሰው ያማሩ ቤቶችን አወዳድሯል፣ ሌላው ያልታደሱትን። ስምምነቱ ቤቱ በማን፣ በየትኛው ቀን ይገመት እንደሆነ ስለማይናገር ሁለቱም መብታቸው ነበር። ይህ ክርክር ያለቀው በቀላሉ ነው፤ የባንኩ ገማች 615,000 ያለው ማናቸውም ሳይመርጡት፣ ማናቸውም ሳይከፍሉት ነውና ሁለቱም ተቀበሉት።

አስቸጋሪው ሌላው ነበር። ከተለያዩ በኋላ ለ14 ወር ክፍያውን እሷ ብቻዋን ከፍላለች። ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር አወጣች፤ ወር በወር፣ ቀን በቀን ተጽፏል፤ የዘገየችበት ወርም ሳይቀር አጠገቡ «34 ቀን» ተብሎ። ድምሩ 23,604። «ዕዳው የሁለታችን ከሆነ ግማሹን መልስልኝ» አለችው።

እሱም መልስ ነበረው። «አንቺ እዚያ ቤት ውስጥ ኖረሻል። እኔ በእነዚያ ወሮች ሌላ ቦታ ኪራይ ከፍያለሁ። የእኔን ኪራይ ግማሽ ትከፍይልኛለሽ?»

ሁለቱም ልክ ስለሆኑ ለረጅም ጊዜ ዝም ተባባሉ። እኔ ያደረግሁት ክፍያውን መሰንጠቅ ነው። የወር ክፍያ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ነው፤ አንዱ ክፍል ወለድ ነው፣ ሌላው ዋናውን ብድር ይቀንሳል። ወለዱ የገንዘብ ኪራይ ነውና በዚያ ወቅት ቤቱ ውስጥ የኖረው ሰው ቢሸከመው ከእሱ የቤት ኪራይ ጋር ይቻቻላል። ዋናውን ብድር የቀነሰው ክፍል ግን የቤቱን የተጣራ ዋጋ ለሁለቱም ከፍ አድርጎታል፤ እሷ ከኪሷ የከፈለችውን እሱ በግማሽ ሊካፈለው ነው። በ14ቱ ወር ከዋናው ብድር የተከፈለው 10,300 ገደማ ነበር። የዚህ ግማሽ 5,150 ከእሱ ድርሻ ተቀንሶ ለእሷ ይታሰብላት አልኩ። ከ11,802 ይልቅ 5,150 መቀበል ለእሷ ቀላል አልነበረም፤ ምንም አልመልስም ብሎ ለመጣው ለእሱም እንዲሁ። ደብተሩን ወደ ራሱ ስቦ ገጹን ሁሉ አገላበጠና «እሺ» አለ። እንደሚመስለኝ ያሳመነው የእኔ ስሌት ሳይሆን የእሷ ጽሕፈት ነው፤ የራሷን ጥፋት ሳትደብቅ የጻፈችው።

ድርሻው 115,350 ሆነ።

ሽጡት ብዬ ነበር

እዚህ ላይ የእኔን ስህተት መናገር አለብኝ። ሪፋይናንሱ እንደማይሆን ካረጋገጥኩ በኋላ መሸጥ ብቻ ነው የቀረው ብዬ ነገርኳቸው። እሱ እፎይ አለ። እሷ ምንም ሳትል ሄደች፤ በሦስተኛው ቀን ተመልሳ መጣች።

የያዘችው በ2020 የፈረሙትን የብድር ውል ነው። ማናችንም አንብበነው የማናውቀውን፣ ወፍራሙን። አንድ ገጽ ላይ ወረቀት ለጥፋበታለች። ከጥቃቅን ፊደላት መሃል፣ በፍቺ ምክንያት ከተበዳሪዎቹ አንዱ ዕዳውን ብቻውን ሊረከብ እንደሚችል፣ ባንኩም አቅሙን መርምሮ ካመነበት ሌላውን ከዕዳው ነጻ እንደሚያደርግ ይናገራል። አዲስ ብድር የለም፤ ያው ብድር፣ ያው 3 በመቶ፣ ያው 1,686፣ ከሁለት ፊርማ አንዱ ብቻ ይነሳል። እንዲህ ያለ አንቀጽ በሁሉም ውል ውስጥ አይገኝም፤ በእነሱ ውስጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ ስሌቱ ሁሉ ተገለበጠ። 1,686 ሲደመር 500 ሲደመር 350፣ 2,536 ነው፤ ከገቢዋ 37 በመቶ። ከጣሪያው በታች ናት። ባንኩ የ494,500 ብድር የነፈጋት ሴት የ374,000ውን ዕዳ በደንብ ልትሸከም ትችላለች።

እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም ያላየው ንብረት ያች የ3 በመቶ ወለድ ናት። ቤቱን ቆጥረናል፣ መኪናውን ቆጥረናል፤ ወለድ 7 በመቶ በሆነበት ዘመን በ3 በመቶ የተያዘ ብድር ግን ራሱ ትልቅ ሀብት ነው። ቤቱ ቢሸጥም ሪፋይናንስ ቢደረግም ትጠፋለች። ብድሩ ባለበት ከተረከበ ብቻ ትተርፋለች።

እሱ ይህን ሲሰማ ወዲያው ያነሳው ጥያቄ ተገቢ ነበር፦ «ያ ወለድ የተገኘው በእኔም ደመወዝ፣ በእኔም ስም ነው። ለምን እሷ ብቻዋን ትጠቀምበታለች? ድርሻዬስ ከየት ይመጣል?» አዲስ ብድር ከሌለ የሚከፈለው ጥሬ ገንዘብ የለማ። እሷ በቁጠባ ያላት 25,350 ብቻ ለመልቀቅ ትችላለች። 90,000 ይጎድላል።

ያን ጊዜ የመሸጫውን ስሌት አወጣሁለት። ቤት ሲሸጥ የደላላው፣ የሕግ ሥራውና የልዩ ልዩ ወጪው ድምር በእነሱ ሁኔታ 6 በመቶ ይደርስ ነበር፤ ከ615,000 ላይ 36,900። የዚህ ግማሽ 18,450 ከእሱ ኪስ ይወጣል። ቢሸጥ እጁ የሚገባው 96,900 ነው፣ ባይሸጥ 115,350። ልዩነቱ ጊዜው ነው፤ ባይሸጥ 90,000ው በእሷ ላይ ዕዳ ሆኖ ይቆያል፣ ለመቆየቱም ወለድ ይከፈለዋል።

ወለዱን ለመቁረጥ ሁለት ምሽት ፈጀ። «ባንክ በ7 ነው የሚያበድረው፣ እኔም በ7» አለ። በ7 በመቶ የ90,000 ወለድ በወር 525 ነው፤ ከሌላው ዕዳዋ ጋር ተደምሮ 45 በመቶ ይደርስና ባንኩ ርክክቡን አይፈቅድም፤ እሱም ከዕዳው አይወጣም። በ5 እንኳ ጣሪያውን ሊነካ ምንም አይቀረውም። በ4 በመቶ ተስማሙ፤ በወር 300። ድምሩ 2,836፣ 42 በመቶ ገደማ። ለእሱ ትልቁ ነገር ግን ወለዱ አልነበረም። ትልቁ ነገር 90,000ው በቤቱ ላይ ከባንኩ ቀጥሎ ሁለተኛ መያዣ ሆኖ መመዝገቡ ነው። ስሙን ከባለቤትነት ሰነዱ ላይ ባነሳ ዕለት ያጣው ዋስትና በዚህ ተመለሰለት።

ሁለተኛው ስምምነት

አዲሱ ጽሑፍ ስለ ቤቱ ብቻ ሦስት ገጽ ሆነ። የቤቱ ዋጋ ተቆርጦ ተጻፈ፤ የዕዳው መጠን በእምቢታው ደብዳቤ ቀን እንደነበረው ተያዘ፤ ከዚያ ወዲህ እሷ ከዋናው ብድር የምትከፍለው ሁሉ የራሷ ነው። 90,000ው ቤቱ ሲሸጥ፣ ወይም ወለድ ወርዶ ሪፋይናንስ ስታደርግ፣ ወይም ስድስት ዓመት ሲሞላ፣ ከሦስቱ በቀደመው ይከፈላል። እስከ ርክክቡ ድረስ እሱ የብድሩን ሒሳብ በኢንተርኔት ማየት ይችላል፤ ክፍያ በ10 ቀን ከዘገየ እሱ ከፍሎ ከነወጪው ያስከፍላታል። እኔ አጥብቄ ያስገባሁት አንቀጽ ደግሞ ይህ ነው፦ ባንኩ ርክክቡን በስድስት ወር ውስጥ ካልፈቀደ ቤቱ ለሽያጭ ይወጣል፤ አሻሻጩ ማን እንደሚሆን፣ በስንት እንደሚጀመር፣ ካልተሸጠ በየስንት ቀኑ ዋጋው እንደሚወርድ ተጽፏል። እሷ ይህን ስትፈርም እጇ ተንቀጥቅጧል። ግን የመጀመሪያው ስምምነት የጎደለው ይኸው ነበር፤ ባንኩ እምቢ ቢል ምን እንደሚሆን።

ባንኩ ዘንድ ያለው ውጣ ውረድ ብዙ ነው፤ አላሰለችም። በስልክ ሁለት ጊዜ «እንዲህ የሚባል አሠራር የለንም» ተባለች። የውሉን ገጽና አንቀጽ ጠቅሳ በጽሑፍ ስትጠይቅ ጉዳዩን የሚያውቅ ክፍል ተገኘ። የደመወዝ ማስረጃ፣ የፍቺው ውሳኔ፣ የባለቤትነት ሰነዱ፣ የሁለተኛው መያዣ ረቂቅ ቀረበ። አንዱ ሰነድ ጊዜው አልፎበታል ተብሎ እንደገና ተጠየቀ። በአራት ወር ከሦስት ሳምንት ፈቃዱ መጣ።

ለእሱ የተላከለት ደብዳቤ አንድ ገጽ ነው። ከብድሩ ኃላፊነት ሙሉ በሙሉ ነጻ መደረጉን ይናገራል። ፎቶ አንስቶ ላከልኝ፤ ሌላ ምንም አልጻፈበትም።

የ34 ቀኑ መዘግየት ግን ከታሪኩ ላይ አልተነሳም። እሷ ስህተቱ የራሷ እንደሆነ፣ እንዴትም እንደተፈጠረ የሚገልጽ ደብዳቤ ጽፋ ፈርማ ሰጠችው፤ እሱም ከአዲሱ የብድር ማመልከቻው ጋር አያያዘው። አፓርታማውን ገዛ፤ ንጹሕ ታሪክ ያለው ሰው ከሚከፍለው ትንሽ ከፍ ባለ ወለድ። ያን ልዩነት ማን ይክፈል የሚለውን ላነሳ ብዬ ነበር፤ እሱ «ተወው» አለኝ። የመጀመሪያው 300 በወሩ መጀመሪያ ቀን ሒሳቡ ገባ።